ኦቦ ገመቹ ውሃ ያጠጡት ሞተር

ሞተር ጋቢ ለብሶ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ያውም ለክት የሚቀመጥ፣ ገና የጥጡ ሽታ ያልለቀቀው አዲስ ጋቢ። ያየሁት ወንጪ ሐይቅ ዳር፣ በአንድ የታኅሣሥ ሰኞ ጠዋት ነው። ከአፌ ካወጣኋቸው ቃላት ሁሉ እስከ ዛሬ የማፍርበትን የተናገርኩትም በዚያኑ ዕለት ጠዋት ነው። ነገሩን ሳስበው መጀመሪያ ያስቀኛል፣ ወዲያው ደግሞ ያሳፍረኛል። ሁለቱንም ላካፍላችሁ።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ዘመኑ አለቃውም ተላላኪውም "ጓድ" የሚባልበት ዘመን ነው። አምቦ ከተማ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበርኩ። በጋራዡ ያለሁት ሴት እኔ ብቻ ነኝ። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበር ያደግሁት ከመኪና ሥር ከሚታዩ ሁለት እግሮች ጋር እያወራሁ ነው፤ ስለዚህ ሙያው ለእኔ እንግዳ አልነበረም። እንግዳ የሆንኩት እኔ ነበርኩ።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ነገር ተማርኩ። አንዱ ይመጣና "ትርፌ፣ ምን እያደረግሽ ነው?" ይለኛል። እኔ ሞኟ አስረዳለሁ። "ይህን ብሎን የማላላው..." ብዬ ሳልጨርስ መፍቻውን ከእጄ ይወስድና "ተይው፣ እኔ ልሥራው" ይላል። ሥራውን እሱ ይጨርሰዋል፣ ምስጋናውንም እሱ ይወስዳል፣ እኔ እጄን በቡትቶ ስጠርግ እውላለሁ። ሦስት ወር እንዲህ ከሆንኩ በኋላ አፌን ዘጋሁ።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"ሥራዬን።"

"ለምን ከፈትሽው?"

"ስለሚከፈት።"

ሙያ በልብ ነው ይባል የለ? እኔ ሙያውን ልቤ ውስጥ አስገብቼ ቁልፉን ዋጥኩት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስም ይለኝ ነበር። ሰው "ይቺ ልጅ ምን እያደረገች ይሆን?" ብሎ ሲቆም ማየት የመሰለ ነገር የለም።

የጀልባዋ ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። መሥሪያ ቤታችን ወንጪ ሐይቅ ላይ የሞተር ጀልባ እንዲያስገባ ታዘዘ። ከወዲያኛው ዳር ያለው ገበሬ እህሉን ይዞ ወደ ገበያው መንገድ እንዲሻገርባት ነው። የትእዛዙ ደብዳቤ የሚለው እንደዚያ ነው፤ አገሬው ግን ደሴቲቱ ላይ ላለው ቤተ ክርስቲያን መሳለሚያ መጣችልን ብሎ ነው እልል ያለው። ደብዳቤውንም አገሬውንም የተቃወመ ሰው አልነበረም።

ወንጪን ያላያችሁ እንደ ድስት የተጎደጎደ ተራራ አስቡ። ሐይቁ ያለው ድስቱ ውስጥ ነው። ጀልባዋ በጭነት መኪና እስከ ድስቱ ከንፈር ወጣች፣ ከዚያ ወዲያ ግን የመኪና መንገድ የለም። የገበሬ ማኅበሩ ወንዶች ጀልባዋን በአጠና ተሸክመው፣ በግጥም እየተቀባበሉ፣ ገደሉን ቁልቁል አወረዷት። በማግስቱ ሞተሩን አወረዱት። ሞተሩ ከጀልባዋ የባሰ ነበር፤ ያደከማቸው እሱ ነው። አንዱ ትከሻው ተልጦ ደሙ እየታየ "ከእንግዲህ ይህ ብረት ወደ ላይ ይመለስ የሚለኝ ሰው ከእኔ ጋር ነው ጠቡ" ሲል ሰምቼዋለሁ።

ሞተሩ የወፍጮ ቤት ሞተር ዓይነት ነው፤ በናፍጣ የሚሠራ፣ ማኖቬላ በሚባል የብረት እጀታ እየተዘወረ የሚነሳ። የሚቀዘቅዘው በውሃ ነው። ከላይ ሰፊ አፍ ያለው የውሃ ገንዳ አለው፣ ከሥሩ ደግሞ ውሃውን የምናፈስበት አንድ ትንሽ ቧንቧ። ቀይ ቀለም ተቀብቷል።

ከአምቦ ከመነሳቴ በፊት የጋራዣችን ካፖ፣ ማለትም የመካኒኮቹ አለቃ፣ ጋሽ መኮንን ጠራኝ። ብዙ የማያወራ፣ በጣሊያን ጊዜ ሙያ የጀመረ ሽማግሌ ነው። በጋራዡ መፍቻ ከእጄ ወስዶ የማያውቅ ሰው እሱ ብቻ ነበር።

"ትርፌ፣ ወንጪ ውርጭ አለ" አለኝ።

"ሁልጊዜ?"

"ሁልጊዜ ቢሆን ምን ችግር ነበረው! ሁልጊዜ ብርድ ያለበት አገር ሰው አይዘናጋም። የእኛ አገር ዓመቱን ሙሉ ደግ ሆኖ ይከርምና በታኅሣሥ ሦስት አራት ቀን ይከፋል። ሞተር የሚሞተው በዚያ ሦስት አራት ቀን ነው። ሰማይ አይተሽ አትወስኚ። ሞቀም በረደም ማታ ማታ ውሃውን አፍስሺ፣ ቧንቧውን ክፍት ተይው፣ ጠዋት ሙይው።"

ውሃው እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት እንዳለ አውቃለሁ። በግምጃ ቤታችንም አንድ ጀሪካን ነበር። እሱ ግን ለኃላፊው መኪና ተብሎ የተቀመጠ ነው፤ መኪናዋ ርቃ ሄደች ከተባለ ጉደር ነው፣ ጉደር ደግሞ ሙዝ የሚበቅልበት አገር ነው። ብቻ ይሁን።

ወንጪ ስደርስ የሞተሩ ጠባቂ ሆነው የተመረጡትን ኦቦ ገመቹን አገኘሁ። ስድሳ ያለፋቸው፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ፣ በአካባቢው ፈረስ አዋቂ የሚባሉ ሰው ናቸው። ሐይቁ ዳር ትንሽ ጎጆ ተቀልሶላቸው እዚያ ያድራሉ፤ እኔ ደግሞ ከዳገቱ ላይ ካለው ቤታቸው ከሚስታቸው ጋር አድራለሁ። ሞተሩን ባዩ ጊዜ ዙሪያውን ሁለቴ ዞሩት፣ ጎኑን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

"ይሄ ቀይ ነው፤ ስሙ ዳማ ነው" አሉኝ። ዳማ ለቀይ ፈረስ የሚሰጥ ስም ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አገሬው ሞተሩን በሌላ ስም ጠርቶት አያውቅም።

አንድ ሳምንት ሙሉ ሞከርነው። ዳማ ጠዋት በሁለት ዙር ይነሳል፣ ጀልባዋ ሐይቁን ትሰነጥቃለች፣ ልጅ አዋቂው ዳር ላይ ያጨበጭባል። ማታ ቧንቧውን እከፍትና ውሃው ሣሩ ላይ ይፈስሳል። ኦቦ ገመቹ ቆመው ያያሉ፣ ፊታቸው ይጠቁራል። እሳቸው ከመንገድ ሲገቡ ፈረሳቸውን ሳያጠጡ ራሳቸው ውሃ አይቀምሱም፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። አይቼ ግን ምንም አላሰብኩም።

በሦስተኛው ቀን ጠየቁኝ። "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ውሎ ለምን ውሃውን ታፈስሽበታለሽ?"

"ሥራዬ ነው ኦቦ" አልኳቸው።

ተጨማሪ ነገር እናገር እንደሆን ጠበቁ። እኔ ቧንቧውን በቡትቶ መወልወል ቀጠልኩ። "ኤዬ፣ ይሁን" ብለው ሄዱ።

ቅዳሜ ከአምቦ መልእክት መጣ። ማክሰኞ ጀልባዋ ትመረቃለች፣ ከአዲስ አበባ ትልልቅ ሰዎች ይመጣሉ፣ ናፍጣውንና ባንዲራውን መጥተሽ ውሰጂ ይላል። ውሃውን አፈሰስኩ፣ ቧንቧውን ክፍት ተውኩ፣ መሣሪያዬን ሰበሰብኩ። ስሄድ ዞር ብዬ "ኦቦ፣ እስክመለስ ሞተሩን አደራ!" አልኳቸው።

ኦቦ ገመቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። "አደራሽን ተቀብያለሁ" አሉ።

እኔ ያልኩት እንዲሁ ለአፍ ነው። እሳቸው ግን አደራ ነው የሰሙት።

እሑድ አምቦ ፀሐይዋ ለጉድ ነበረች። ፍል ውሃው ገንዳ ገብቼ የሳምንት ናፍጣ ከገላዬ ሲለቅ ከሰውነቴ አንድ ሰው የወጣ መሰለኝ። ወደ ማታ ጋሽ መኮንንን መንገድ ላይ አገኘሁት። ቀና ብሎ ሰማይ ሰማይ ያያል።

"ደመና የለም፣ ነፋስም ቆሟል። ዛሬ ወንጪ ይነጣል" አለኝ።

"አፍስሼዋለሁ ጋሼ፤ ቧንቧውም ክፍት ነው።"

"ለጠባቂውስ ነግረሽዋል?"

"እሱ ምን ይሠራል? ዝም ብሎ መጠበቅ ነው።"

ጋሽ መኮንን ራሱን ነቅንቆ እንደገና ሰማዩን አየ።

ሰኞ ማለዳ የመሥሪያ ቤቱ መኪና ሽቅብ ሲወጣ፣ ገና ወንጪ ሳንደርስ ሣሩ ነጭ ሆኖ አየሁት። አመዳይ ነው፤ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። በየጓሮው የእንሰቱ ቅጠል ተቃጥሎ ተንጠልጥሏል። ሹፌሩ "ዘንድሮስ ጉድ ነው" ሲል እኔ በሆዴ እስቃለሁ። ና እንግዲህ ውርጭ፣ ምን ታገኛለህ፣ የሚረጋ ውሃ የለም እያልኩ ነው። ናፍጣውን በፈረስ አስጭኜ ገደሉን ቁልቁል እየዘለልኩ ወረድኩ።

ኦቦ ገመቹ ከሩቅ አዩኝና ፊታቸው በራ። እኔ ግን ያየሁት ከጀርባቸው ያለውን ነው። ጀልባዋ ውስጥ ዳማ ነጭ ጋቢ ተከናንቦ ተቀምጧል፣ ጋቢው ላይ አመዳይ ወርዶበታል።

"አካም ቡልታን፣ እንዴት አደሩ ኦቦ? ምንድን ነው ይሄ?"

"በሰላም መጣሽ ልጄ! አደራሽ ደኅና ነው።" ድምፃቸው ጎርነን ብሏል፣ ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆኗል። "ተቻኩለሽ ስትሄጂ ረስተሽው ነው መሰለኝ ቧንቧው ተከፍቶ ቀርቶ ነበር። ዘግቼዋለሁ። ሁለት ቀን ያለ ውሃ እንዴት ይሆናል? ትናንትም ከትናንት ወዲያም አጠጥቼዋለሁ። ሌሊቱ ክፉ ነበር፣ ጋቢዬን ደረብኩለት።"

"ውሃ አጠጡት?"

"እስኪጠግብ!"

ጋቢውን ገፍፌ ገንዳው ውስጥ እጄን ሰደድኩ። ጣቴን የመለሰው በረዶ ነው። የመካኒክ እጅ የሚያውቀውን ነገር ልቡ ወዲያው ይሰማዋል። ውሃ ሲረጋ ያብጣል፣ መውጫ ካጣ ደግሞ ብረት ይሰነጥቃል። ማክሰኞ የሚመረቀው፣ ያ ሁሉ ሰው ትከሻው እስኪላጥ የተሸከመው ሞተር ተሰንጥቋል ማለት ነው። በዚያ ዘመን ደግሞ የመንግሥት ንብረት ዝም ብሎ አይበላሽም፤ ያበላሸው ሰው ይፈለጋል፣ የሚጠራበትም ስም አሻጥር ነው። በዚያ ስም ተጠርቶ የገባ ሰው ሲመለስ አላየሁም።

ጮህኩ። "ማን ንካ አለዎት? ማን? ገደሉኝ እኮ! አንቱ ደንቆሮ ሽማግሌ!"

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ገደሉ ተቀብሎ መለሰልኝ። ወንጪ ያስተጋባል፤ የራሴን ስድብ ሁለቴ ሰማሁት። ኦቦ ገመቹ አልተቆጡም። ጋቢውን ከመሬት አነሱ፣ አመዳዩን አራገፉ፣ አጠፉት። በዚያ ውርጭ ሌሊት እሳቸው የተኙት በእጅ ጠባባቸው ብቻ መሆኑን ያሰብኩት ይህን ሳይ ነው።

"ምን አጠፋሁ? አጥፍቼ ከሆነ ንገሪኝ፤ ለማወቅ ነው" አሉ።

አፍሬ ጎንበስ ብዬ ሞተሩን ከጎን ስፈትሽ አንድ ነገር አየሁ። እንዲህ ያለ ሞተር በጎኑ ላይ የብር ሳንቲም የሚያክል ክብ የቆርቆሮ ውታፍ አለው። ያ ውታፍ ወልቆ ወለሉ ላይ ወድቋል፣ በቀዳዳው በኩል በረዶው እንደ ሕፃን ምላስ ብቅ ብሏል። የተስፋ ጭላንጭል ይህች ነበረች። ውሃው ሲያብጥ በዚህ በኩል ተንፍሶ ከሆነ ብረቱ ተርፎ ሊሆን ይችላል። ካልሆነ ደግሞ በረዶው ራሱ ስንጥቁን ደፍኖት ነው፤ ሲቀልጥ ይለያል።

"እሳት ላንድድለት?" አሉ ኦቦ ገመቹ።

"አይሆንም፣ በድንገት ሲሞቅ ራሱ ይሰነጠቃል። ፀሐይ እንጠብቅ።"

ፀሐይ ደግሞ ወንጪ ውስጥ ቶሎ አትገባም። ተራራው ላይ ወጥታ፣ ማዶውን ገደል ዳስሳ፣ እያዘገመች ነው የምትወርደው። ሁለታችን ጀልባዋ ከንፈር ላይ ተቀምጠን መስመሯ ቁልቁል ስትንቀሳቀስ እናያለን።  አፌን ከዘጋሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ሳያስገድደኝ ሥራዬን ማስረዳት ጀመርኩ።

"ኦቦ፣ ውሃውን ማታ ማታ የማፈሰው ሞተሩን ለማስጠማት አይደለም። ውሃ ሲረጋ ያብጣል። ዕቃ ውስጥ ተዘግቶበት ካበጠ..."

"እንስራ!" አሉ ኦቦ ገመቹ።

"ምን?"

"እንስራ ነዋ! ሚስቴ በታኅሣሥ እንስራ ውጭ ካደረ ውሃውን ደፍታ ነው የምታሳድረው። በአንድ ሌሊት ሁለት እንስራ ፈንድቶባታል። ይሄም ብረት እንስራ ነው በያ!"

"እንስራ ነው" አልኩ፣ ገንዳውን እያየሁ።

"ይህን እንኳን እኔ ሕፃንም ያውቀዋል። ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም ልጄ?" አሉኝ። ቁጣ የለበትም፣ ዝም ብሎ ጥያቄ ነው።

እኔ እኮ የመሰለኝ ሰውየው የማያውቁትን ትልቅ ምሥጢር ይዤ መኖሬ ነበር። ምሥጢሩ እቤታቸው ጓዳ ውስጥ ነበር። አንዲት ዓረፍተ ነገር ብናገር ኖሮ ከእኔ የበለጠ የሚጠብቁት እሳቸው ነበሩ። ያን ጊዜ እንባዬ መጣ፣ ናፍጣ በነካ እጄ ጠረግኩትና ዓይኔን አቃጠለው፣ እሳቸውም ሳቁብኝ።

ሦስት ሰዓት አልፎ ፀሐይ ደረሰች። በረዶው ቀለጠና በቀዳዳው ተንጠባጥቦ አለቀ። ቀዳዳውን በመዳፌ ደፈንኩ፣ ኦቦ ገመቹ ገንዳው ውስጥ በቅል ውሃ ይጨምሩ ጀመር። የሞተሩን ገላ በሌላው እጄ ዳበስኩት፣ ጆሮዬን አስጠጋሁ፣ ከሥሩ ተኝቼ አየሁ። ደረቅ ነው። ብረቱ አልተሰነጠቀም። ውታፉ ግን ጎብጧል፣ ተመልሶ አይገባም፣ ትርፍ ደግሞ አምቦም የለም።

ኦቦ ገመቹ ቀዳዳውን በአውራ ጣታቸው ለኩ። ምንም ሳይሉ ሄደው የደረቀ የወይራ እንጨት ይዘው መጡ፣ በማጭዳቸው ይቀርጹት ጀመር። "እንጨትም ውሃ ሲጠጣ ያብጣል። ያበጠው እንዲይዘው እናድርገው" አሉ። ከጋቢያቸው ጠርዝ አንድ ስንዝር የማይሞላ ቁራጭ ቀደዱ። "ኧረ ጋቢዎት!" ስላቸው፣ "ለእሱው ነበር ያለበስኩት" አሉ። ቁራጩን እንጨቱ ላይ ጠቀለሉት፣ እኔ በመዶሻ ቀስ እያልኩ መታሁት።

በዚህ መሀል ከዳገቱ በፈረስ የሚወርድ ሰው መጣ። ኃላፊያችን ጓድ ደምሴ ነው። ዝግጅቱን ሊያይ ከአንድ ቀን በፊት መድረሱ ነው። ኮቱ ላይ አቧራ እንዳያርፍ በመሐረብ እያራገፈ ጀልባዋ ዘንድ ቆመ። የእንጨቱን ውታፍ፣ የጎበጠውን ቆርቆሮ፣ የተቀደደውን ጋቢ በየተራ አየ። ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ።

"ይህ የሕዝብ ንብረት ነው። ማነው ያበላሸው?"

አሁን ላይ ሆኜ ጀግና መምሰል እችላለሁ። እውነቱ ግን አፌ ውስጥ የተዘጋጀው ቃል "ጠባቂው ነው" የሚል ነበር። ሐሰት አይደለም፤ ውሃውን የሞሉት እሳቸው ናቸው። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ፣ እኔ ደግሞ በአንድ ቃል መልስ የታወቅሁ ነኝ።

ኦቦ ገመቹ ቀደሙኝ። "ውሃ ያጠጣሁት እኔ ነኝ" አሉ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው።

"አይደለም ጓድ!" አልኩ። ድምፄ ራሴን አስደነገጠኝ። "እሳቸው ሲጠይቁኝ አልነገርኳቸውም። አደራ ብዬ ሰጠኋቸው፣ ምን እንደሚጠብቁ ግን ሳልነግራቸው ሄድኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የእኔን ስም ይጻፉ።"

"አደራውን የበላሁት እኔ ነኝ" አሉ ኦቦ ገመቹ።

"አልበሉም! የእኔ ነው!"

ጓድ ደምሴ እስክሪብቶውን እንደያዘ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን ያያል። "ሃያ ዓመት ስሠራ" አለ በመጨረሻ፣ "ጥፋተኛ ጠፍቶብኝ ያውቃል እንጂ ተርፎኝ አያውቅም።" ደብተሩን ሳይጽፍበት አጠፈው። ጎንበስ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ነገ በእንግዶቹ ፊት ከሠራ እኔ ዛሬ እዚህ አልመጣሁም። ካልሠራ ግን ሁለታችሁንም ይዤ ነው አምቦ የምገባው። ከዚያ ወዲያ የሚሆነውን እኔም አላውቀውም።"

ማክሰኞ እንግዶቹ መጡ፣ ንግግር ተደረገ፣ ባንዲራ ተሰቀለ። እኔ ከንግግሩ አንድ ቃል አልሰማሁም፤ ዓይኔ ከውታፉ አልተነሳም። ማኖቬላውን ይዤ አንዴ ዘወርኩ፣ አልተነሳም። ደግሜ ዘወርኩ፣ አሳለና ጠፋ። ጓድ ደምሴ መሐረቡን አወጣ። በሦስተኛው ዳማ ጭሱን ተፍቶ ተነሳ፣ ሐይቁ ዳር ያለው ሰው እልልታውን አቀለጠው።

እንግዶቹ ጀልባዋ ላይ ተሳፈሩ፤ ዋናው ጭንቅ ግን ገና ነው። ውሃው ሲሞቅ ውታፉ ቢፈናጠር እንግዶቹ ጭን ላይ ነው የሚያርፈው። ኦቦ ገመቹ ይህን ሳልነግራቸው ገባቸው። መጥተው ሞተሩን በጀርባቸው ተደግፈው፣ ጋቢያቸውን ዘርግተው፣ ውታፉን በወገባቸው ከልለው ተቀመጡ። ከእንግዶቹ ትልቁ አዩአቸውና "እኚህ አባት ሞተሩን ለምን አቅፈውታል?" አሉ።

"ጠባቂው ናቸው" አለ ጓድ ደምሴ፣ ላቡን እየጠረገ። "ኃላፊነት ይሰማቸዋል።"

እስከ ደሴቲቱ ሄደን ተመለስን። ወይራው አበጠ፣ ያዘ። ስንደርስ የኦቦ ገመቹ ጋቢ በወገባቸው በኩል እፍኝ በማትሞላ ውሃ ርሷል፤ ሌላ የሆነ ነገር የለም። እንግዶቹ አጨበጨቡ፣ ጓድ ደምሴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሱን አሳየን።

ሁሉም ሲሄድ ኦቦ ገመቹን ወደ ቧንቧው ወስጄ አሳየኋቸው። እንዴት እንደሚከፈት፣ ለምን ክፍት እንደሚያድር፣ ጠዋት ምን ያህል እንደሚሞላ። እሳቸው ራሳቸው ከፈቱት። ውሃው ሲፈስ ዳማን መታ መታ እያደረጉ "ጦምህን እደር፤ ለራስህ ነው" አሉት።

"ኦቦ፣ ትናንት ለተናገርኩት ቃል..." ብዬ ጀመርኩ።

"ትናንት ውርጭ ነበር፤ ፀሐይ ወጣችኮ" አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ነገር አንስተን አናውቅም።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ማስተማር ሆኗል። ጋራዡን ትቼ የመካኒክነት ሙያ ማሠልጠኛ ገባሁ፤ ዝምታን የመረጠች ልጅ ቀኑን ሙሉ ስታወራ ዋለች። ጋሽ መኮንን ሲሰማ "መጨረሻሽ ይሄ ይሁን?" ብሎ ሳቀብኝ። መፍቻዬን የሚነጥቀኝ ሰው አልጠፋም፣ አሁንም አለ። ግን መፍቻ የሚነጥቅ ሰው አለ ብዬ እውቀቴን የደበቅሁት፣ መፍቻዬን ሊይዝልኝ ከሚመጣውም ሰው ጭምር ነበር። እናንተም ቤት፣ እናንተም መሥሪያ ቤት፣ "አደራ" ብላችሁ ምን እንደሚጠበቅ ሳትነግሩ የሄዳችሁበት ነገር ካለ ዛሬውኑ ተመለሱ። ሰውየው ከልቡ እየጠበቀላችሁ ነው፤ ምናልባትም ውሃ እያጠጣው ነው።

ከምረቃው ከሦስት ዓመት በኋላ በታኅሣሥ ወንጪ ተመለስኩ። ማንም አላወቀኝም፤ ነጠላ ተከናንቤአለሁ። ወደ ማታ ላይ ነው። ጀልባዋ ዘንድ አንዲት እናት ጎንበስ ብለው የሞተሩን ቧንቧ ይከፍታሉ። የኦቦ ገመቹ ሚስት ናቸው። ከጎናቸው አንዲት ወጣት ምራታቸው ቆማ ታያለች።

ዝም ብዬ ማለፍ አልሆንልሽ አለኝ። "እናቴ፣ ለምንድን ነው ውሃውን የሚደፉት?" አልኩ፣ እንደማላውቅ ሆኜ።

ቀና አሉ። አውቀውኝ እንደሆን አላውቅም። ሥራቸውን አቁመው፣ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው፣ ስለ ውርጩ፣ ስለ እንስራው፣ ስለ ብረቱ፣ አንድም ሳያስቀሩ ለእኔም ለምራታቸውም አስረዱን። ሲጨርሱ እንዲህ አሉ።

"ይህን የነገረችን አንዲት የአምቦ ልጅ ናት። መጀመሪያ ጮኸችብን፣ በኋላ ግን ነገረችን። ገመቹ ሞተሩን ለማንም ሲያስረክብ 'አደራ' ከማለቱ በፊት ይህን ታሪክ ያስቀድማል።"

ከዚያ ወደ ጎጆዋ ዞረው ተጣሩ። ኦቦ ገመቹ ጠርዙ የተቀደደ ጋቢ ደርበው ወጡ፣ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ከልለው አዩኝ፣ ባርኔጣቸውንም አወለቁ።

"አካም ኦልቴ፣ እንዴት ዋልሽ፣ ኢንተላ ኮ" አሉኝ። "ነይ፣ አደራሽን እይው።"